ጭስ መውጫ አያጣም፤ ከሰልስ?

ባለፈው ስለ ጫጩት አቀባበል ስጽፍ «ስለ ማሞቂያው ለብቻው እመለስበታለሁ» ብዬ ነበር። ይኸው ተመልሻለሁ። ግን ከጫጩት አልጀምርም፤ ከጭስ ማውጫ ነው የምጀምረው፣ ያውም ከአሮጌ ጭስ ማውጫ። ታሪክ ይበዛበታልና ታገሱኝ። ታሪኩን ሳላውቅ የሰጠሁት ምክር ጉዳት ስላደረሰ ነው እንዲህ የማረዝመው።

ጊዜው 2015 ዓ.ም. ነው። የሌማት ትሩፋት ተጀምሮ ከተማ ውስጥም በየጓሮው ዶሮ የሚይዝ ሰው የበዛበት ጊዜ። ካዛንችስ ውስጥ አንድ ግቢ እከታተል ነበር። የቤቱ ባለቤት ዕድሜያቸው የገፋ እናት ናቸው፤ እኔ «እትዬ» ነው የምላቸው። 50 የአንድ ቀን ጫጩት ገዝተው ከዋናው ቤት ጀርባ ባለች አሮጌ ማድ ቤት ውስጥ አስገቧቸው። ማድ ቤቷ ከጡብ የተሠራ ጭስ ማውጫ አላት። ነገር ግን በእንጨት ማንደድ ከቀረ ወዲህ ዝናብና አይጥ እንዳይገባ ተብሎ አፉ ላይ ቁራጭ ቆርቆሮ ተደርጎ ድንጋይ ተጭኖበታል። መጀመሪያ በአምፖል ነበር የምናሞቃቸው። መብራት ሲቆራረጥብን ግን «እትዬ፣ ከሰል ያድርጉላቸው፤ ብርድ እንዳይገባ ደግሞ የመስኮቱን ክፍተት በላስቲክ ይድፈኑት» አልኳቸው። ጫጩት በመጀመሪያው ሳምንት ከ32 እስከ 35 ዲግሪ ሙቀት ይፈልጋል፤ ኮሌጅም የተማርኩት ብርድ ጫጩት እንደሚገድል ነው። ሌላ የሚገድል ነገር ትዝም አላለኝ።

በማግስቱ ሲደውሉልኝ 31ዱ ሞተዋል። ጎረቤቱ ሁሉ «ፈንግል ነው» አለ። እትዬ ራሳቸው ሌሊቱን ሁለት ሦስቴ እየገቡ ሲያዩአቸው ስላደሩ «ራሴን ፍልጥ አድርጎኛል፣ ማቅለሽለሽም አለኝ፣ ምች ሳይመታኝ አልቀረም» ይሉኛል። ፈንግል ደግሞ የሰው ራስ አያሳምምም። ቆሜ ግራ ሲገባኝ አንድ የግቢው ሽማግሌ በከዘራቸው ወደ ጣሪያው አመለከቱኝና «ያ'ኮ የተዘጋው ከሰል ጭስ የለውም ብለን ነው» አሉኝ። ላስቲኩን ቀድጄ በሩን ከፈትኩ። እትዬም ደጅ ተቀምጠው ንጹሕ አየር ሲያገኙ ከሰዓት በኋላ ለቀቃቸው። ከዚያን ቀን ጀምሮ የሽማግሌው ነገር ከጭንቅላቴ አልወጣም። ለመሆኑ ጭስ ማውጫ የተሠራው ለምን ነበር? ለምንስ ተዘጋ?

ነገሩን ለማጣራት መጀመሪያ ወደ ሩቅ አገር ሄድኩ። የእኛ ቋንቋ «ከሰል» እና «የድንጋይ ከሰል» ብሎ ሁለቱን በአንድ ስም ይጠራቸዋል። ሁለቱ ግን ሰውን ወደ ተለያየ መንገድ ነው የወሰዱት። የለንደን ሰዎች በድሮ ጊዜ እንደኛው እንጨት ነበር የሚያነዱት። እሳቱ ቤት መሃል ይነድዳል፣ ጭሱ በጣሪያ ቀዳዳ ይወጣል። በ16ኛው ክፍለ ዘመን ከተማው ሲሰፋ እንጨት ተወደደና ከሰሜን፣ ከኒውካስል በመርከብ በሚመጣ የድንጋይ ከሰል መጠቀም በዛ። የድንጋይ ከሰል ደግሞ ድኝ አለበት፤ ጭሱ ዓይን ያቃጥላል፣ ጉሮሮ ይይዛል፣ ቤት መሃል ቢነድድ የሚችለው የለም። ስለዚህ በየቤቱ የጡብ ጭስ ማውጫ ይሠራ ጀመር። ዊልያም ሃሪሰን የተባለ ቄስ እ.ኤ.አ. በ1577 ባሳተመው መጽሐፍ የሰፈሩ ሽማግሌዎች በዕድሜያቸው ካዩት ለውጥ ሁሉ የጭስ ማውጫ መብዛት እንደሚደንቃቸው ጽፏል። ልጆች ሳሉ በአንድ ሰፈር ሁለት ሦስት ቢታይ ነበርና። ጭስ የቤቱን እንጨት ያጠነክራል፣ ባለቤቱንም ከጉንፋን ይጠብቃል ይሉ እንደነበርም ያነሳል። ይህን ሳነብ አያቴ ያወሩ መሰለኝ።

እዚያም ቢሆን ነገሩ ጭስ ማውጫ በመሥራት ብቻ አላለቀም። ለእንጨት የተሠራው ሰፊ ማውጫ ለድንጋይ ከሰል አልተስማማም። ሰፊ ማውጫ ቶሎ አይሞቅም፣ ካልሞቀ ደግሞ ጭሱን ወደ ላይ አይስብም። ስለዚህ እያጠበቡት ሄዱ። እያጠበቡት ሲሄዱ ጥቀርሻውን ለመጥረግ ትንንሽ ልጆችን ውስጡ ማስገባት ጀመሩ። ያንን ግፍ በሕግ ጨርሶ ለማስቆም እስከ 1875 እ.ኤ.አ. ድረስ ፈጅቶባቸዋል። ድኙ ደግሞ ከእርጥበት ጋር ሲገናኝ አሲድ ይሆንና በጡቡ መካከል ያለውን ማያያዣ ከውስጥ ይበላዋል። ግድግዳው ይሰነጠቃል፣ በስንጥቁም ጋዙ ወደ መኝታ ቤት ይገባል። መድኃኒቱ ማውጫውን ከውስጥ በሸክላ ቧንቧ ማልበስ ሆነ። በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. አዲስ የሚሠራ ማውጫ ሁሉ እንዲህ እንዲለብስ በግንባታ ደንባቸው አስገድደዋል። እንግዲህ እነሱን ያስገደዳቸው ሽታው ነው። ነዳጃቸው ስለገማ ቤታቸውን ለወጡ።

እኛስ?

ጎጆ ቤት ጭስ ማውጫ የለውም የሚል ሰው ካለ ተሳስቷል። ሣር ክዳኑ በሙሉ ጭስ ማውጫ ነው። ከጉልቻው የተነሳው ጭስ ወደ ላይ ይወጣና በሣሩ መሃል እየተጣራ ይበንናል። ዝናብ በነበረ ጠዋት ጎጆ ቤት ከሩቅ ስታዩት ክዳኑ በሙሉ ሲጨስ ታያላችሁ። በመንገዱም ሥራ ይሠራል፤ ማገሩን ከምስጥ፣ ከምድጃው በላይ የተንጠለጠለውን የበቆሎና የማሽላ ዘር ከነቀዝ ይጠብቃል። ይህን ለእናንተ መንገር ለቀባሪው ማርዳት ነው። ዋጋውን የሚከፍለው ግን የእናቶች ዓይንና ሳንባ ነው፤ ይህም አይረሳ።

አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ስትቆረቆር ይህንኑ ጎጆና ይህንኑ ጉልቻ ይዛ ነው የተነሳችው። እቴጌ ጣይቱ ፍልውሃ አጠገብ ቤት ካሠሩ በኋላ ሰዉ ተከትሎ ሰፈረ። የእንጦጦ ጽድና ወይራ ለቤትም ለማገዶም እየተቆረጠ በጥቂት ዓመታት ተመናመነ። ማገዶ ከመጥፋቱ የተነሳ አፄ ምኒልክ በ1890ዎቹ መጀመሪያ ዋና ከተማውን ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር አስበው ቤተ መንግሥት ማሠራት ጀምረው ነበር። ያ ቤተ መንግሥት ኋላ የማርያም ቤተ ክርስቲያን ሆነ። ከተማዋን ካዳኗት ነገሮች አንዱ ባሕር ዛፍ ነው። ከባሕር ማዶ መጣ፣ ቶሎ አደገ፣ ሲቆርጡት ከጉቶው መልሶ አቆጠቆጠ። ባሕር ዛፍን አፈር ያደርቃል ብለን እንወቅሰዋለን፣ እኔም ስልጠና ላይ ወቅሼዋለሁ። ግን እሱ ባይኖር ኖሮ ዛሬ ቂርቆስ ክፍለ ከተማ ብለን የምንጠራው ቦታ የጤፍ ማሳ ሆኖ ይቀር ነበር ብዬ አስባለሁ።

ማገዶ ሲገኝ ክዳኑ ተለወጠ። ቆርቆሮ መጣ። ቆርቆሮ እንደ ሣር ጭስ አያሳልፍም። በቆርቆሮ ቤት ውስጥ ጉልቻ ያነደደ ሰው የሚያነባው ለዚህ ነው። የከተማው ሰው መፍትሔ ምድጃውን ከቤት ማስወጣት ሆነ፤ በጓሮ በኩል ማድ ቤት ተሠራ። የማድ ቤቱ ግድግዳና ጣሪያ ሳይገናኙ አንድ ክንድ ያህል ክፍት ይቀራል፣ ጭሱ በዚያ ይወጣል። «ጭስ መውጫ አያጣም» የሚባለው እንዲህ ያለውን ቤት በሚያውቅ ሰው አፍ ይመስለኛል። ዋናው ቤት ግን ከዚያ በኋላ እየተዘጋ ሄደ። ከቆርቆሮው ሥር ኮርኒስ ተወጠረ፣ መስኮቱ መስታወት ሆነ፣ በሩ ገጠመ።

የጡብ ጭስ ማውጫ የነበራቸው ጥቂት ቤቶች ናቸው። ጣሊያን ከሚያዝያ 1928 እስከ መጋቢት 1933 ዓ.ም. አዲስ አበባን በያዘበት ጊዜ ለመንግሥቱ ሠራተኞች መኖሪያ አሠርቶ ነበር። የሠራተኞቹን ቤት የሚሠራው ድርጅት ስም በምህጻረ ቃል «ኢንቺስ» ነው፤ ቤት ደግሞ በጣሊያንኛ «ካዛ»፣ ሲበዛ «ካዜ»። «ካዜ ኢንቺስ» በአዲስ አበባ አፍ «ካዛንችስ» ሆኖ ቀረ። ከዚያም ወዲህ በተሠሩ የባለጸጎች ቪላዎች ውስጥ ግድግዳ ውስጥ የተሠራ ምድጃና በጣሪያ ላይ ብቅ ያለ የጡብ ማውጫ ያላቸው ነበሩ። ክረምት ላይ የባሕር ዛፍ ፍልጥ ይነድድባቸው ነበር።

ከዚያ 1967 ዓ.ም. መጣ፤ አዋጅ ቁጥር 47። የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት ሆነ። አንዱ ቪላ ለሁለትና ለሦስት ቤተሰብ ተከፈለ። ምድጃው ያለበት ክፍል ለአንዱ፣ ማውጫው የሚያልፍበት ኮርኒስ ለሌላው ደረሰ። የቀበሌ ቤት ኪራይ በጥቂት ብር ነበር፤ በጥቂት ብር ኪራይ ማን ጭስ ማውጫ ይጠግናል? የተሰነጠቀው እንደተሰነጠቀ ቀረ፣ ወፍ ጎጆ ሠራበት። ምድጃው ጫማ ማስቀመጫ ሆነ። የእትዬ ማድ ቤት ማውጫም በዚህ መሃል ነው የተዘጋው።

በዚያው ዘመን ከሰል ቤት ውስጥ ገባ። እንዴት አይገባ? ፍልጥ ቦታ ይይዛል፣ ይጨሳል፣ ግድግዳ ያጠቁራል። ከሰል በጆንያ መጥቶ ጥግ ላይ ይቆማል። (አዲስ አበባ ላይ «አንድ ማዳበሪያ» ቢሏችሁ ከሰል ማለት ሊሆን ይችላል፤ ዩሪያ መስሎኝ ዋጋው ያስደነገጠኝ ቀን አለ።) ከስምጥ ሸለቆ ግራር ተቆርጦ መጣ። በኋላ ደግሞ ከአዊ፣ ከፋግታ ለኮማ አካባቢ፣ ገበሬው ራሱ በማሳው ላይ ደኩረንስ ተክሎ፣ አክስሎ መላክ ጀመረ። ይሄኛው እንኳ ዛፉ ስለሚተካ የሚመሰገን ነው። ላቀች የምትባለው ባለ ሸክላ የከሰል ምድጃ ስትመጣ ደግሞ ከሰሉም ቆጠበ፣ ሙቀቱም ተሰበሰበ። ላምባ ሲወደድ ወደ ከሰል የተመለሰ ቤት ብዙ ነው። ማድ ቤት ቀርቶ ሳሎን ውስጥ ቡና ይፈላበት ጀመር፤ ካዛንችስ ምሽት ቤቶች ውስጥም የሸክላ ጥብሱ ከነፍሙ ጠረጴዛ ላይ ይቀርብ ነበር። ጭስ የለማ! ዓይን አያስለቅስም፣ አያስነጥስም።

እዚህ ላይ ነው የእኛና የለንደን መንገድ የተለያየው። እነሱ ከእንጨት ወደሚገማ ነዳጅ ሄዱና ሽታው ጭስ ማውጫ አሠራቸው። እኛ ከእንጨት ወደማይጨስ ነዳጅ ሄድንና የነበረንን ቀዳዳ ደፈንን።

አሁን ከሰል ምን እንደሆነ እንይ። አክሳዩ እንጨቱን በአፈር ቀብሮ አየር እያሳጣ ሲያቃጥለው ውሃው፣ ዘይቱና የሚጨሰው ነገር ሁሉ እዚያው ጫካ ውስጥ ይወጣል። የሚቀረው በአብዛኛው ካርቦን ነው። በባህላዊው ጉድጓድ አንድ ኪሎ ከሰል ለማግኘት ቢያንስ አምስት ኪሎ እንጨት ይሄዳል። እንግዲህ ጭሱ አልጠፋም፤ እኛ ሳናየው አክሳዩ ዓይን ውስጥ ገብቶልናል። ቤታችን የመጣው ካርቦን ደግሞ ሲነድድ በቂ አየር ካገኘ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይሆናል፣ ካነሰው ካርቦን ሞኖክሳይድ ይሆናል። በምድጃ ውስጥ ከታች ያለው ከሰል አየሩን ይጨርስና ከላይ ባለው የጋለ ፍም ውስጥ ሲያልፍ ሞኖክሳይዱ ይበዛል። ከሰሉ ላይ አንዳንዴ የምታዩት ሰማያዊ ነበልባል እሱ ራሱ ሲቃጠል ነው። ሰማያዊው ጠፍቶ ፍሙ አመድ ሲለብስ «አሁን ደኅና ሆኗል» ብለው ወደ መኝታ ቤት የሚያስገቡ ሰዎች አሉ። ደኅና አልሆነም። ሲቃጠል የነበረው ጋዝ አሁን ሳይቃጠል ነው የሚወጣው።

ይህ ጋዝ ቀለም የለውም፣ ሽታ የለውም። ደም ውስጥ ከኦክስጅን ከ200 ጊዜ በላይ አጥብቆ ይያዛል፤ ኦክስጅን ቦታ ያጣል። መጀመሪያ ራስ ምታት፣ ቀጥሎ ማቅለሽለሽ፣ ድካም፣ እንቅልፍ፤ ከእንቅልፉ በኋላ ያለውን ዜና ላይ ትሰሙታላችሁ። የአዲስ አበባ እሳትና አደጋ ስጋት አመራር ኮሚሽን ብርድ በመጣ ቁጥር የሚያስጠነቅቀው ለዚህ ነው። ከተማችን ደግሞ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ናት። እዚህ የምንስበው ኦክስጅን ባሕር ዳርቻ ካለው በሩብ ገደማ ያነሰ ነው። ስለዚህ ከሰሉም በደንብ አይነድድም፣ ሰውነትም ቶሎ ይጎዳል።

ጫጩቶቹ ለምን ቀድመው ሞቱ? ትንሽ ናቸው፣ ትንፋሻቸው ፈጣን ነው፤ የወፍ ሳንባ ደግሞ አየር ሲያስገባም ሲያስወጣም ኦክስጅን ይወስዳል። ጥሩ አየር ሲሆን ጥሩ ነው፣ መርዝም ሲሆን እንደዚያው። ጆን ስኮት ሃልዴን የተባለ የሳይንስ ሰው ይህን አይቶ እንግሊዝ አገር የድንጋይ ከሰል ቆፋሪዎች ወደ ጉድጓድ ሲገቡ ካናሪ የምትባል ትንሽ ወፍ ይዘው እንዲገቡ መክሯል። ወፏ ስትወድቅ ሰዎቹ ይወጣሉ። እስከ 1986 እ.ኤ.አ. ሲጠቀሙባት ቆይተዋል። የእትዬ ጫጩቶች ካናሪ ሆነውላቸው ነበር፣ እኛ ግን ፈንግል አልናቸው።

ወደ ሥራው ልግባ። አሮጌ ማውጫ ያለው ማድ ቤት ካላችሁና በከሰል ልትጠቀሙበት ካሰባችሁ መጀመሪያ ክዳኑን አንሱና ከላይ ወደ ታች በገመድ ላይ በታሰረ ደረቅ ቁጥቋጦ ጥረጉት። ከእንጨት ዘመን የቀረ ሬንጅ የመሰለ ጥቀርሻ ይወጣል፤ እሱ እሳት ስለሚይዝ እንዳትተዉት። ከዚያ ታች እርጥብ ቅጠል አጭሱና ሌላ ሰው ግድግዳውን ከውጭና ከውስጥ ይይ። በስንጥቅ የሚወጣ ጭስ ካለ ያ ቦታ ነው ጋዙ የሚገባበት። ትንሹ ስንጥቅ ጭድ ገብቶበት በደንብ በተቦካ ጭቃ ይለሰናል፤ በየዓመቱ ከክረምት በኋላ መድገም ነው። ጡቡ የተፈረካከሰ ከሆነ ግን ልስን አይዘውም፤ ውስጡን ከላይ እስከ ታች በላሜራ ቧንቧ ማልበስ ይሻላል። 15 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው ለአንድ የከሰል ምድጃ ይበቃል። እንዲያውም ይህ ጥቅም አለው፤ ያ ሰፊው የእንጨት ማውጫ በከሰል ትንሽ ሙቀት አይሞቅም ብያችኋለሁ፣ ጠባቡ ቧንቧ ግን ይስባል። አፉ ከጣሪያው ጫፍ ቢያንስ 60 ሳንቲ ሜትር ከፍ ይበል፣ ካነሰ ነፋስ መልሶ ያስገባዋል። ለዝናብ ቆብ አድርጉለት፣ ቆቡ ግን አፉን እንዳይነካ። ምድጃው ከቧንቧው ሥር መሆን አለበት፤ ክፍሉ ሌላ ጥግ ላይ ተቀምጦ ማውጫው ምንም አያደርግለትም።

የሚወጣ አየር የሚገባ አየር ይፈልጋል። ጫጩት ቤት ከሆነ ከወለሉ አንድ ክንድ ከፍ ብሎ በአንድ በኩል፣ ከጣሪያው ሥር ደግሞ በተቃራኒው በኩል ክፍተት ተዉ። ብርዱ በቀጥታ ጫጩቶቹ ላይ እንዳያርፍ ከታችኛው ክፍተት ፊት ካርቶን አቁሙለት። ክፍተቱን ግን አትድፈኑ። ያኔ ያጠፋሁት ይህንን ነው። ከሰሉን ደጅ አያይዙ፣ በደንብ ሲቀላ አስገቡ፤ ይህ ጭሱን ይቀንሳል እንጂ ጋዙን አያጠፋም። «ውኃ አጠገቡ ባስቀምጥስ?» የምትሉኝ አላችሁ። ውኃ ይህን ጋዝ አይዝም። «ጋዙ ወለል ላይ ነው የሚተኛው፣ አልጋ ላይ ምንም አይለኝም» የሚልም አለ። ክብደቱ ከአየር ጋር ተቀራራቢ ስለሆነ ክፍሉን በሙሉ ይሞላል። ሰው ከሚተኛበት ክፍል ግን ማውጫ ቢኖረውም ባይኖረውም ከሰሉ ይውጣ።

ያ ግቢ ዛሬ የለም። በ2017 መጀመሪያ ካዛንችስ ለልማት ሲነሳ ማድ ቤቷም ማውጫዋም አብረው ፈርሰዋል። ከሰፈሩ ሰው ብዙው ገላን ጉራ ገብቷል፤ እትዬ ግን ሌላ ቦታ ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ደርሷቸው እዚያ ናቸው። ባለፈው ሐምሌ ደወሉልኝ። «ልጄ፣ እዚህ ቤት ቀዳዳ የሚባል የለውም፣ ብርዱም አልቻልኩትም። ከሰሉን ሳሎን ላድርገው ወይስ በረንዳ?» አሉኝ። በረንዳ አልኳቸው፤ ሲያገቡም ፍሙን ሳይሆን የፈላውን ጀበና ብቻ። «ቡናውስ ደጅ ምን ይጣፍጣል?» ብለው ሳቁብኝ። በማግስቱ ሄጄ በረንዳው ላይ ነፋስ የሚከልል የላሜራ መጋረጃ ከልጃቸው ጋር አቆምንላቸው። ሁለተኛውን ቡና እዚያው ጠጣን።

ከመካከላችሁ እንደሳቸው ከግቢ ወደ ፎቅ የገባችሁ፣ ወይም ዘንድሮ ጫጩት በከሰል የምታሞቁ ካላችሁ የክፍሉን ስፋትና የቀዳዳውን ቦታ ጽፋችሁ ላኩልኝ፤ ፎቶ ቢኖር ይመረጣል። በከሰል የታፈነ ሰው ካጋጠማችሁ ለእኔ አትጻፉ፤ ሰውዬውን ወደ ደጅ አውጥታችሁ 939 ደውሉ።